እድሩ የማን ነው? ስለ "እኔ" እና ስለ "እኛ"

(በሳምንታዊው የቴሌቪዥን ሐተታ የቀረበ፤ ከድምፅ ወደ ጽሑፍ የተገለበጠ)

ዛሬ ስለ ምርጫም ስለ ጦርነትም አላወራም። ስለ እድር ነው የማወራው። "አገር በዚህ ሁኔታ ላይ ሆና እድርን ምን አመጣው?" የምትሉ ትኖራላችሁ። እባካችሁ ጥቂት ታገሡኝ፤ ነገሩ ዞሮ ዞሮ ወደ አገር ጉዳይ ይመለሳል።

ከጥቂት ሳምንታት በፊት እኔ በምኖርበት በዋሽንግተን አካባቢ አንድ ወገናችን በድንገት አረፈ። ስሙን አልጠራም። ሃምሳዎቹን ያጋመሰ ሰው ነው። ለዓመታት ታክሲ ነድቷል፤ በኋላም እንደ ብዙዎቹ ኡበር መንዳት ጀመረ። ሚስቱና ልጆቹ አገር ቤት ናቸው። እዚህ የሚኖረው ከሦስት ወንድሞች ጋር ቤት ተጋርቶ ነበር። የእኛ እድር አባል እንዲሆን በተደጋጋሚ ተጠይቋል። መልሱ ሁልጊዜ "እሺ፣ የሚመጣው ወር" ነበር። የሚመጣው ወር ሳይመጣ ሞት ቀደመው።

እሑድ ከሰዓት በኋላ በአንድ የቤተ ክርስቲያን አዳራሽ ተሰበሰብን። ጥያቄው አጭር ነው። አስከሬኑን ወደ አዲስ አበባ ለመላክ የሚያስፈልገው ብዙ ሺህ ዶላር ከእድሩ ሣጥን ይውጣ ወይስ አይውጣ?

እኔ እጄን አወጣሁ። እንደምታውቁኝ መናገር አያቅተኝም። "ወገን በሰው አገር ሞቶ አስከሬኑ በሆስፒታል ማቀዝቀዣ ውስጥ እያለ እኛ የደንብ አንቀጽ እንቆጥራለን ወይ? እኛ እኮ ሰው ለሰው መድኃኒቱ ነው የምንል ሕዝብ ነን! እንደ ፈረንጅ ሁሉም ለራሱ ልንል ነው ወይ?" አልኩ። ተጨበጨበልኝ። እውነቱን ለመናገር ጭብጨባው ደስ ብሎኝ ነበር።

ከዚያ ከኋላ ወንበር አንዲት እናት ተነሡ። ሆቴል ውስጥ በጽዳት ሥራ የሚተዳደሩ ናቸው። ድምፃቸውን ከፍ አላደረጉም። "ወንድሜ፣ እርስዎ ያሉት ሁሉ ጥሩ ነው" አሉኝ። "ግን እኔ አሥራ አንድ ዓመት ስከፍል አንድም ወር አላሳለፍኩም። ልጄ ታሞ ከሥራ በቀረሁበት ወር እንኳ ተበድሬ ከፍያለሁ። ዘመድ የለኝም፤ ይህ ሣጥን ነው ዘመዴ። ዛሬ ላልከፈለ ሰው ከከፈልን ነገ ማን ይከፍላል? እኔ ስሞት ሣጥኑ ባዶ ቢሆንስ? መስጠት ከፈለጉ ከኪስዎ ይስጡ። አሁን የሚሰጡት የእኔን ነው።"

አዳራሹ ጸጥ አለ። እኔም ቀስ ብዬ ተቀመጥኩ። የጉባኤውን መጨረሻ በኋላ እነግራችኋለሁ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ግን ያ ንግግር ከጆሮዬ አልወጣም። ምክንያቱም እኒያ እናት የነኩት ነገር የእኛ የእድር ጉዳይ ብቻ አይደለም። "እኔ" የት ላይ ያበቃል፣ "እኛ" የት ላይ ይጀምራል የሚለውን ጥያቄ ነው የነኩት። ይህንን ጥያቄ በቤታችን፣ በማኅበራችን፣ በአገራችን ፖለቲካም ውስጥ እስከ ዛሬ በቅጡ አልመለስነውም።

ተመልካቾቼ፣ እኛ ሐበሾች በተሰበሰብንበት ሁሉ የምንደጋግመው አንድ ወሬ አለ። "እኛ ማኅበራዊ ሕዝብ ነን፤ ፈረንጅ ግለኛ ነው።" ቡና ሲፈላ ይህ ይነሣል፤ ለቅሶ ቤት ይህ ይነሣል። ጎረቤቱን የማያውቅ፣ እናቱን የአረጋውያን መጦሪያ የሚያስገባ፣ ምሳ በልቶ ሒሳብ የሚካፈል ፈረንጅ ይነሣል። ከዚያ በኋላ ሁላችንም ራሳችንን እናሞግሳለን። እኔ ዛሬ የምላችሁ ይህ ወሬ ግማሹ እውነት፣ ግማሹ ደግሞ ራስን ማታለል መሆኑን ነው።

በመጀመሪያ እድርን እንመልከት። የማኅበራዊነታችን ዋና ምስክር አድርገን የምናቀርበው እሱን ነውና። እድር ከጥንት ከአያት ከቅድመ አያት የመጣ የሚመስለን ብዙዎች ነን። ነገር ግን ዛሬ የምናውቀው እድር የከተማ ልጅ ነው። በሃያኛው ክፍለ ዘመን የመጀመሪያዎቹ አሥርት ዓመታት አዲስ አበባ ውስጥ የተስፋፋ ነው። ብዙ አጥኚዎች አጀማመሩን ከገጠር ወደ ከተማ ከገቡ የጉራጌ ተወላጆች ጋር ያያይዙታል። ለምን ጀመሩት? ዘመድ ስለሌላቸው ነዋ! በትውልድ ቀዬህ ብትሞት የሚቀብርህ ዘመድ አለ፤ እድር አያስፈልግህም። አዲስ አበባ መጥተህ የማታውቀው ሰው አጠገብ ስትኖር ግን የሚቀብርህን ሰው በስምምነት መፍጠር ነበረብህ። እድርን የፈጠሩት እርስ በርስ የማይተዋወቁ ሰዎች ናቸው።

አሠራሩን ደግሞ እዩት። ማንም በትውልዱ የእድር አባል አይሆንም። ትመዘገባለህ፤ መግቢያ ትከፍላለህ፤ በየወሩ ታዋጣለህ። የተጻፈ ደንብ አለ። ዳኛ ትመርጣለህ፣ ጸሐፊ ትመርጣለህ፣ ገንዘብ ያዥ ትመርጣለህ፤ ካልሠሩ ታወርዳቸዋለህ። ጡሩምባ ተነፍቶ ቀብር ካልተገኘህ ትቀጣለህ። ድንኳኑ፣ ወንበሩ፣ ብረት ድስቱ ተቆጥሮ ወጥቶ ተቆጥሮ ይገባል። ካልተስማማህ ትወጣለህ። በአንድ እድር ውስጥ ክርስቲያኑና ሙስሊሙ፣ ዘበኛውና ባለሱቁ፣ ከሰሜን የመጣውና ከደቡብ የመጣው አንድ ድንኳን ሥር ይቀመጣሉ። መዝገቡ ላይ የሚታየው መክፈልህ ነው፤ የማን ዘር መሆንህ አይደለም።

እኔ ፖለቲካል ሳይንስ የተማርኩ ሰው ነኝ። እንዲህ ያለውን ነገር ትምህርት ቤት ውስጥ ያስተማሩን "ማኅበራዊ ውል" በሚል ስም ነበር። ነጻ ግለሰቦች በፈቃዳቸው፣ በደንብ፣ በእኩል መዋጮ የሚመሠርቱት ኅብረት። ፈረንጆቹ ፈላስፎች በመጽሐፍ የጻፉትን ነገር መርካቶ ውስጥ ፊደል ያልቆጠሩ ሰዎች በጡሩምባና በድንኳን ሠርተውታል። እንግዲህ እድር የ"እኛ" ምስክር ነው ስንል፣ ያ "እኛ" የቆመው ራሱን ችሎ በፈረመና በከፈለ "እኔ" ላይ መሆኑን አንርሳ። እኒያ እናት ያሉኝም ይህንኑ ነው።

ወደ ገጠር እንሂድ። ደቦ አለ፤ ወንፈል አለ። ከተማ ያደግን ሰዎች ሁለቱን አንድ እናደርጋቸዋለን። ልዩነት አላቸው። በደቦ ጊዜ ባለቤቱ ጠላውን ጠምቆ፣ እንጀራውን ጋግሮ ሰው ይጠራል፤ የተጠራው መጥቶ አጭዶ፣ በልቶና ጠጥቶ ይሄዳል። ወንፈል ግን ሒሳብ ነው። ዛሬ በበሬዬ ያንተን አርሼ እንደሆነ፣ ነገ ባንተ በሬ የእኔ ይታረሳል። ማንም በመዝገብ አይጽፈውም፤ ሁሉም ግን ያስታውሰዋል። ቀኑን ያልመለሰ ሰው በሚቀጥለው ክረምት ብቻውን ይቀራል።

ስለዚህ የኢትዮጵያ ገበሬ በጋራ መሥራትን ያውቃል። ታዲያ ደርግ መጥቶ "ኅብረተሰብአዊነት" ብሎ ገበሬውን በአምራቾች የኅብረት ሥራ ማኅበር ሲያደራጀው ምን ሆነ? መሬቱ የጋራ፣ በሬው የጋራ፣ ምርቱ የጋራ ተባለ። ካድሬው ስብሰባ ጠራ፤ ገበሬው አጨበጨበ። ውስጡ ግን አልነበረበትም። በየካቲት 1982 ዓ.ም. መንግሥቱ ኃይለ ማርያም ቅይጥ ኢኮኖሚ ሲያውጁና ገበሬው ከማኅበሩ መውጣት እንደሚችል ሲነገረው፣ በጥቂት ሳምንታትና ወራት ውስጥ አብዛኞቹ ማኅበራት ፈረሱ። ገበሬው በሬውን ነድቶ፣ መሬቱን ተካፍሎ ሄደ። ከዚያስ? በዚያው ዓመት ክረምት ከጎረቤቱ ጋር ወንፈል ገባ!

ይህ ታሪክ ብዙ ነገር ያስተምራል። ያው ገበሬ ነው። "ግለኛ" ስለሆነ ነው እንዳንል ወንፈሉን አልተወም። "ማኅበራዊ" ስለሆነ ነው እንዳንል የደርግን ማኅበር አፍርሶ ሄዷል። ልዩነቱ ፈቃድ ነው። በአንዱ ተጠይቋል፤ በሌላው ታዟል። በአንዱ የሰጠውን ያውቃል፣ የሚመለስለትንም ያውቃል፤ በሌላው የሰጠው የት እንደገባ አያውቅም። አሜሪካዊው የሶሲዮሎጂ ምሁር ዶናልድ ሌቪን እ.ኤ.አ. በ1965 ባሳተመው "ሰምና ወርቅ" በተባለው መጽሐፉ ውስጥ ስለ አማራ ገበሬ ግለኝነት በሰፊው መጻፉን ያነበባችሁ ታውቃላችሁ። ብዙዎቻችን ያን ስናነብ እንገረማለን፤ አንዳንዶቻችን እንቆጣለን። እኔ ግን ሌቪን የሆነ ነገር አይቷል እላለሁ። በርስቱ እስከ ችሎት የሚሟገት፣ "የእኔ ድርሻ የታለ?" የሚል ሕዝብ ነው ያየው። ያ ሕዝብ ነው ማታ ማታ ማኅበር የሚጠጣው። ሁለቱም እኛ ነን።

አሁን ደግሞ ግለኛ ስለምንለው ፈረንጅ። አሌክሲስ ደ ቶክቪል የሚባለው ፈረንሳዊ እ.ኤ.አ. በ1831 አሜሪካን ዞሮ ካየ በኋላ በ1835 እና በ1840 በሁለት ክፍል ያወጣው ሥራ አለው። ግለኝነት የሚለውን ቃል ወደ ፖለቲካ ውይይት በስፋት ካስገቡት ሰዎች አንዱ እሱ ነው። የሚገርመው ግን ምን መሰላችሁ? አሜሪካኖችን ያደነቃቸው በማኅበር ብዛት ነው። ትምህርት ቤት ለመክፈት ማኅበር፣ መጽሐፍ ለማሠራጨት ማኅበር፣ ስካርን ለመዋጋት ማኅበር! ሰው ወደ ቤቱና ወደ ጓዳው ብቻ ገብቶ የአደባባዩን ነገር ከተወ አገር ለአምባገነን ይመቻቻል፤ መድኃኒቱ ማኅበር ነው አለ። በእኛ ቋንቋ ብናስቀምጠው "እድር ይኑራችሁ" ማለቱ ነው።

ዛሬ ያ የፈረንጅ ማኅበር ተዳክሟል። ቦታውን መሥሪያ ቤት ይዞታል። አሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1935 ባወጣችው የሶሻል ሴኪዩሪቲ ሕግ ምክንያት ሽማግሌው ከልጁ እጅ ሳይጠብቅ ጡረታ ያገኛል። ኢንሹራንስ ካለው የቀብሩ ወጪ ይሸፈናል። ይህ ትልቅ ነገር ነው፤ አናቃለው። ጡረታው ሲመጣ የማን ልጅ ነህ ብሎ የሚጠይቅ የለም። ነገር ግን የማያንኳኳውም የለም። ብሪታንያ እ.ኤ.አ. በጥር 2018 ብቸኝነትን የሚከታተል ሚኒስትር ሾማለች። የአሜሪካ መንግሥት ዋና የጤና ሹም በግንቦት 2023 ብቸኝነት ለጤና አደጋ መሆኑን የሚገልጽ ማስጠንቀቂያ አውጥተዋል። መንግሥት ቼክ ሊልክልህ ይችላል። መጥቶ "እንዴት አደርክ?" ሊልህ ግን አይችልም።

እስካሁን እያሞገስኩን መሰለ አይደል? አሁን የሚቆረቁረውን ልናገር።

የእኛ "እኛ" ሰው ይበላል። አዎ፣ ይበላል። ከወራት በፊት አንዲት እህታችን ከቤይሩት ደውላ ያጫወተችኝን ልንገራችሁ። ሰባት ዓመት ሰው ቤት ሠርታለች። የካፋላ ሥርዓት የሚባለውን ታውቃላችሁ፤ ሠራተኛዋ በአሠሪዋ ዋስትና ሥር ናት፣ ያለ አሠሪዋ ፈቃድ ቤት መቀየር አትችልም፣ ፓስፖርቷ ብዙ ጊዜ በአሠሪዋ እጅ ነው። በዚያ ሁኔታ ውስጥ ሆና ደመወዟን በሙሉ አገር ቤት ትልካለች። ቤት ተሠራ። ታናናሾች ተማሩ። ወንድም ባጃጅ ገዛ። "ታዲያ ደስ አይልም?" አልኳት። "ቤቱ ተሠርቷል ጋሼ፣ በእኔ ስም ግን አይደለም" አለችኝ። ጠይቂያቸዋ አልኳት። "ሰው ምን ይለኛል? ለቤተሰቧ ሳንቲም ቆጠረች አይሉኝም?"

ይሉኝታ ማለት ይህ ነው። ቃሉ ራሱ ይናገራል፤ "ይሉኛል" ከሚለው የወጣ ነው። ይሉኝታ መልካም ጎን አለው፤ ሰውን ከነውር ይጠብቃል፣ ጎረቤት ታሞ ዝም እንዳትል ያደርግሃል። ነገር ግን ይሉኝታ የሚሠራው ይሉኝታ ባለው ሰው ላይ ብቻ ነው! የሚጠይቀው ወገን ይሉኝታ ከሌለው፣ ሰጪው ባለ ይሉኝታ ባዶ እጁን ይቀራል። እ.ኤ.አ. በኅዳር 2013 ሳዑዲ ዓረቢያ ወገኖቻችንን በገፍ ማስወጣት ስትጀምር በጥቂት ወራት ውስጥ ከ150 ሺህ በላይ ኢትዮጵያውያን ወደ አገር ተመለሱ። ብዙዎቹ በአንድ ፌስታል ነው የወረዱት። ስንቶቹ የላኩት ገንዘብ ተቆጥሮ ይሆን? ስንቶቹ በሠሩት ቤት እንግዳ ሆነው ይሆን? ይህን ስናገር ቤተሰብን ለመወንጀል አይደለም፤ ድህነት ያስገድዳል። ግን "እኛ ማኅበራዊ ሕዝብ ነን" እያልን የአንዲት ልጅ ወጣትነት ሲበላ ዝም ማለት ማኅበራዊነት አይደለም። እድር እንኳ ደረሰኝ ይሰጣል!

በድግሱም እንዲሁ ነው። ለሰርግ የሚበደር አለ። ለተዝካር በሬ ሸጦ ልጆቹን ጦም የሚያሳድር አለ። "ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክም ነው፣ ለሃምሳ ሰው ጌጥ ነው" እንላለን። መልካም አባባል ነው። ችግሩ አንዳንዴ ሃምሳውንም ሎሚ አንዷ ልጅ ተሸክማ አርባ ዘጠኛችን እናጨበጭባለን።

ወደ አገር ጉዳይ ይመለሳል ብዬ ነበር። ይኸው ደረስን።

በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 8 የሉዓላዊ ሥልጣን ባለቤት የሚያደርገው ብሔሮችን፣ ብሔረሰቦችንና ሕዝቦችን ነው። የግለሰብ መብት የለበትም አልልም፤ አለበት፣ በብዙ አንቀጽ ተዘርዝሯል። ነገር ግን የቤቱ ባለቤት ቡድን ነው፤ ግለሰቡ በቡድኑ በር በኩል ነው የሚገባው። ለዓመታት የቀበሌ መታወቂያ ላይ ብሔር የሚል መስመር ነበረ። ከእናቱ ይሁን ከአባቱ መምረጥ ያቃተው ስንት ወጣት የቀበሌው ጸሐፊ እንዳሻው ሞልቶለታል።

ፍትሐዊ ልሁን። የቡድን መብት ጥያቄ ከሰማይ አልወረደም። አንድ ሰው ቋንቋው ፍርድ ቤት ካልተሰማለት፣ በስሙ ከተሳቀበት፣ የተሰደበው እሱ ብቻ ሳይሆን ወገኑ ሁሉ ነው። ለእንዲህ ያለው ሰው "አንተ እኮ ግለሰብ ነህ፣ እርሳው" ማለት መልስ አይሆንም። ይህን የማይቀበል ፖለቲከኛ የአገሪቱን ግማሽ ቁስል አያይም።

የእኔ ጥያቄ ሌላ ነው። እድር ውስጥ ስትገባ ትጠየቃለህ፤ ስትወጣ ትወጣለህ፤ ዳኛውን ታወርዳለህ። በብሔርህ ስም የሚናገረውን ሰው ግን ማን መረጠው? መውጫው የት ነው? "የእኛ ሕዝብ እንዲህ ይላል" ብሎ ሲናገር ሕዝቡን መቼ ሰበሰበው? ልጅህን ለጦርነት ሲጠይቅህ የሚሰጠው የማንን ነው? እኒያ እናት እንዳሉኝ ነው፤ "የሚሰጡት የእኔን ነው።" በቡድን ስም የሚደረግ ልግስና ሁሉ፣ በቡድን ስም የሚደረግ ጀግንነት ሁሉ፣ መጀመሪያ ይህ ጥያቄ ሊቀርብለት ይገባል። ከፋዩ ማን ነው? ተጠይቋል ወይ?

መንግሥት ደግሞ በሌላ አቅጣጫ ይመጣል። ያለፉትን ዓመታት የአዲስ አበባን ፈረሳ አይታችኋል። ፒያሳ፣ ካዛንቺስ፣ ሌሎችም ሰፈሮች በኮሪደር ልማት ስም ተነሥተዋል። ከተማ መታደስ የለበትም የምል ሰው አይደለሁም፤ በእነዚያ ቤቶች ውስጥ ኑሮ ከባድ ነበር። ነገር ግን አንድ ሰፈር ሲነሣ እድሩም አብሮ ይነሣል። ግማሹ ወደ አንዱ ዳር፣ ግማሹ ወደ ሌላው ዳር ይሄዳል። ዕድሜ ልኳን ለአንድ እድር የከፈለች አሮጊት ጡሩምባው ከማይሰማበት ቦታ ትወሰዳለች። የሚገርመው ሕጉ ይህን ያውቃል! የመሬት ማስለቀቅና የካሳ አዋጅ ቁጥር 1161/2011 ስለሚቋረጥ ማኅበራዊ ትስስርና ስለ ሥነ ልቦና ጉዳት ካሳ ይናገራል። ሕጉ ያወቀውን ዶዘሩ ማወቅ አለበት። ሰፈር ስታነሣ እድሩን አንድ ላይ አስፍረው። ዳኛውን ጥራና አማክረው። ይህ ብዙ ገንዘብ አይጠይቅም፤ ሰውን እንደ ጡብ አለመቁጠርን ይጠይቃል።

እንግዲህ ምን እናድርግ? ሦስት ነገር ልበል።

አንደኛ፣ በውጭ አገር ያላችሁ ወንድሞችና እህቶች፣ ዛሬውኑ ተመዝገቡ። ሰው በሞተ ቁጥር በኢንተርኔት ልመና መክፈት ወገንንም ያደክማል፣ ሟችንም አያስከብርም። ታዋቂ ለሆነው በአንድ ሌሊት ይሞላል፤ ሰው ለማያውቃት የቤት ሠራተኛ ግን ሳምንት ይፈጃል። እድር ግን ታዋቂና ያልታወቀ አይለይም። ኢኮኖሚስቱ ማንከር ኦልሰን እ.ኤ.አ. በ1965 የጻፈው ይህንኑ ነው፤ ሁሉም ሌላው ይከፍላል ብሎ ከጠበቀ የጋራ ነገር አይቆምም። እኛ ይህን ለማወቅ መጽሐፍ አያስፈልገንም፤ ባዶ ሣጥን ይበቃናል።

ሁለተኛ፣ አገር ቤት ያላችሁ ቤተሰቦች፣ ዓረብ አገር ላለችው ልጃችሁ ዛሬ ማታ ደውሉላት። ገንዘብ አትጠይቋት። "ለራስሽ ምን አስቀመጥሽ?" ብላችሁ ጠይቋት። ከላከችው ላይ ጥቂቱ በራሷ ስም ባንክ ይግባ። ቤት ከተሠራ ስሟ ይኑርበት። ይህ ግለኝነት አይደለም፤ ዕዳን ማወቅ ነው።

ሦስተኛ፣ የእድር መሪዎች። እዚህ የተወለዱት ልጆቻችን እድርን የሞት ማኅበር አድርገው ነው የሚያዩት። አልፈርድባቸውም፤ እኛም የምንደርሰው ሰው ሲሞት ነዋ! ያ ወንድማችን ብቻውን ክፍል ውስጥ ሲጨነቅ፣ የስኳር መድኃኒቱን ሲያቋርጥ ማን አንኳኳበት? ለቀብር ሦስት መቶ ሰው እንወጣለን፤ ለሕመም ሦስት ሰው አንገኝም። ደንቡ ውስጥ አንድ አንቀጽ ይጨመር። በወር አንድ ጊዜ ብቻውን የሚኖርን አባል የሚጠይቅ ተረኛ ይኑር። ወጣቶቹን ለዚህ ሥራ ጥሯቸው፤ ይመጣሉ።

ጉባኤው እንዴት ተጠናቀቀ? ድምፅ ተሰጠ። ከሣጥኑ አይውጣ የሚለው አሸነፈ። እኔም መጀመሪያ የተናገርኩትን ትቼ፣ አይውጣ በሚለው ላይ እጄን አወጣሁ። ከዚያ የእድሩ ዳኛ ባርኔጣቸውን ጠረጴዛው ላይ ገልብጠው አስቀመጡና "ሣጥኑ የደንብ ነው፤ ይህ ደግሞ የፈቃድ ነው" አሉ። መጀመሪያ የተነሡት ማን ይመስሏችኋል? እኒያ እናት ናቸው። ምን ያህል እንዳስቀመጡ አላየሁም፤ እሳቸውም እንዲታይላቸው አልፈለጉም። ሁሉም ተከተለ። በዚያ ቀን የተገኘው ለጉዞው አልሞላም፤ በሳምንቱ ከሌሎች ማኅበራት ጋር ተጋግዘን ሞላነው። ሰውየው ከእናቱ አጠገብ ተቀብሯል። አብረውት ይኖሩ የነበሩት ሦስቱም ወንድሞች በማግስቱ መጥተው ተመዝግበዋል።

ስለዚህ ተመልካቾቼ፣ "እኔ" እና "እኛ" ጠላቶች አይደሉም። "እኔ" የሌለበት "እኛ" መንጋ ነው፤ ማንም ነድቶ ይወስደዋል። "እኛ" የሌለበት "እኔ" ደግሞ በሩ ሲንኳኳ የማይሰማ፣ ሲሞትም በሽታው የማይታወቅ ብቸኛ ነው። አባቶቻችንና እናቶቻችን መሐሉን አግኝተውት ነበር፤ ፈርመህ ግባ፣ ከፍለህ ቁም፣ ሰውን ደግሞ ከኪስህ እርዳ። አገርም በዚህ መንገድ ቢሠራ እላለሁ።

ለዛሬ በዚሁ ላብቃ። ሳምንት በሌላ ርእስ እስክንገናኝ ቸር ሰንብቱ፤ ቸር ያሰማን።